የኬላው ጠባቂ ሁለት ዓይኖች

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እስካሁን ግን የተሳካልኝ አይመስለኝም። «ቪዲዮ ጌም ውስጥ ያሉትን ሰዎች እሠራለሁ» ስል አንዳንዱ «እነማንን?» ይለኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ ልጁን ከትምህርት ያስቀረሁት እኔ የሆንኩ ይመስል በቁጣ ያየኛል። ነገሩ ቀላል ነው። ጌም ውስጥ የሚሄድ፣ የሚሮጥ፣ የሚዋጋ ሰው ካለ ያንን ሰው አንድ ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ ሠርቶታል ማለት ነው፤ ከአፍንጫው እስከ ልብሱ እጥፋት። እኔ ከእነዚያ ሠሪዎች አንዷ ነኝ። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ ሥራው ሳይሆን ወደ ሥራው ስላስገቡኝ ሁለት ቀኖች ነው። ሐሙስና ዓርብ ነበሩ።

ያኔ፣ በሚሊኒየሙ ሰሞን፣ ሰቆጣ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጸሐፊ ነበርኩ። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ማኅተም የሚያርፍበትን ቦታ እተዋለሁ፣ አለቃዬ አቶ ካሳ «ይቺን አንቀጽ ጠበቅ አድርጊያት» ሲሉኝ ጠበቅ አደርጋታለሁ። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ተምሬ ስመለስ ግን ሻንጣዬ ውስጥ አንድ የስሪ ዲ ፕሮግራም ያለበት ሲዲ ይዤ ነበር። ስሪ ዲ ማለት ከፊትም ከኋላም የሚታይ ሥዕል ነው፤ ሰውየውን እንደ ሸክላ ካበጃችሁት በኋላ እያዞራችሁ ታዩታላችሁ። በምሳ ሰዓትና ቅዳሜ ቅዳሜ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሰው እሠራ ነበር። አቶ ካሳ ያውቃሉ። «ደብዳቤው እስካልዘገየ ድረስ እኔ ምን ገዶኝ» ብለው ትተውኛል።

ሰው መሥራት አዲስ ነገር አልሆነብኝም። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥላሉ። ልጅ ሆኜ ቀይ አፈር እወቅጥላቸው፣ ከሰል እፈጭላቸው፣ አቡጀዲ እወጥርላቸው ነበር። ሴት ስለሆንኩ ቤተ መቅደስ ገብቼ መወጣጫ ላይ አልወጣም፤ ቤት ውስጥ ግን በተራረፈው አቡጀዲ ላይ እንድሥል ፈቅደውልኛል። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ደግሞ ቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው፣ ግራውም መድከም ጀመረ። ስለዚህ ቀዩን ከቡናማው የምለይላቸው እኔ ሆንኩ። የሳምንቱን ቀለም እሑድ እሑድ በየብልቃጡ አሰናዳላቸዋለሁ።

አባቴ ካስተማሩኝ ሕግ አንዱን አሁኑኑ ካልነገርኳችሁ የሚከተለው አይገባችሁም። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱ ሙሉውን ይሣላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። አሳዳጅ፣ ገራፊ፣ ሰይጣንም ራሱ ግን በጎኑ ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሁሉ ይኼን አይቶታል። እኔ ግን ማየት ብቻ ሳይሆን እጄም ለምዶት ነበር። ክፉ ሰው ልሥል ስነሣ ሳላስበው ወደ ጎን አዞረዋለሁ።

አብራኝ የተማረች ልጅ ማስታወቂያውን ነገረችኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ለውጭ አገር ጌም አዘጋጆች ሥራ የሚቀበል አነስተኛ ድርጅት ሰው ይፈልጋል። ፈተናው ሁለት ሰው ሠርቶ መላክ ነው፤ አንዲት መንገደኛ ሴትና ኬላ ላይ የሚያስቆማት ክፉ ጠባቂ። ሠራሁ። የሰቆጣ ኢንተርኔት ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ስለማይችል በሲዲ ገልብጬ በአውቶቡስ ላክሁት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከጽሑፌ ቀና እያልኩ ከረምኩ።

ሐሙስ ጠዋት የቢሮው ስልክ ጮኸ። አቶ ካሳ አንሥተው «ያንቺ ነው፤ ከአዲስ አበባ» አሉኝ።

«ትርንጎ?» አለ የወንድ ድምፅ። «ናሆም እባላለሁ፤ ከጌሙ ድርጅት። የላክሽውን ሥራ ያየሁት እኔ ነኝ።»

ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ። ለምን እንደተነሣሁ እንጃ፤ በስልክ አያየኝም።

«መንገደኛዋ ጥሩ ናት» አለኝ። «እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ ፊት አልጠበቅሁም። ጠባቂው ግን ፋይሉ ተበላሽቶብሻል። ግማሽ ጭንቅላቱ የለም።»

«አልተበላሸም» አልኩት። «እንደዚያ ነው የሠራሁት።»

«እንዴት? በጎኑ ሳየው ደህና ነው። ሳዞረው እኮ ባዶ ነው፤ እንደተሰበረ እንስራ ውስጡ ይታያል።»

«ጠላት ነዋ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«ጠላት ቢሆንስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ጠላት በሁለት ዓይን አይሣልም።»

የሳቀው ሳቅ ከስልኩ አልፎ አቶ ካሳ ጋ ደረሰ። በእኛ ሙያ ፊት ሲሠራ ግማሹ ብቻ ይሠራና ሌላውን ግማሽ ኮምፒውተሩ ራሱ እንደ መስታወት ይገለብጠዋል። ለመንገደኛዋ ይህን አድርጌ ነበር። ለጠባቂው ግን አላደረግሁም። ረስቼ እንዳይመስላችሁ። ሌላው ግማሽ ሊያስፈልገው ይችላል የሚል ሐሳብ ጭራሽ አልመጣልኝም። ፊቴ በኀፍረት ጋለ።

ናሆም ሳቁን ሲጨርስ ድምፁ ተለወጠ። «ስሚኝ ትርንጎ። ተጫዋቹ ይኼን ሰውዬ ይዞረዋል። ሰውየውም ፊት ለፊት ይመጣበታል። ጎኑን ብቻ ይዞ የሚኖር ሰው የለንም። ከአንቺ ሌላ አንድ አመልካች ቀርቷል፤ ሰኞ ጠዋት ከሁለት አንዳችሁን እንመርጣለን። እስከዚያ ሙሉ ሰው አድርገሽ ላኪልኝ። ደግሞ የሚያስፈራ ይሁን።»

ስልኩን ዘግቼ ቀኑን ቆጠርኩ። ሲዲው ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ እንዲገኝ ቅዳሜ ንጋት ከሰቆጣ መነሣት አለበት፤ ቅዳሜን ወልዲያ አድሮ እሑድ ማታ ይገባል። ስለዚህ ያለኝ ሐሙስና ዓርብ ብቻ ነው።

ምሳዬን ትቼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። የጠባቂውን ግማሽ ፊት ገለበጥኩት። ሁለተኛው ዓይን ቦታው ሲገባ ከየት እንደመጣ የማላውቀው የዋህ ሰው ያንን ክፉ ሰውዬ ተካው። የቢሮአችን ጽዳት ሠራተኛ እትዬ ዘውዴ መጥረጊያቸውን ይዘው በትከሻዬ በኩል አዩና «ውይ፣ ሲያምር! የየትኛው ደብር ዲያቆን ነው?» አሉኝ።

ቅንድቡን አኮማተርኩት። ዲያቆኑ ሰው የሞተበት መሰለ። ጉንጩ ላይ ጠባሳ ጨመርኩ፤ መከራ የተቀበለ ሰማዕት ሆነ። የፊት ጥርሱን ሰበርኩት። አቶ ካሳ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱትና «ይኼ ሰው ጥርሱን አሞታል» አሉ። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ነገሩ የገባኝ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። በሕይወቴ ፊት ለፊት የሣልኳቸው ሁሉ ቅዱሳን ናቸው። ፊት ለፊት የሚያየኝን ክፉ ሰው እጄ አያውቀውም።

ዓርብ ጠዋት አቶ ካሳን ፈቃድ ጠየቅሁ።

«ደብዳቤውስ?»

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው እስከ ስምንት ሰዓት ተመለሽ።»

አባቴ በዚያ ሰሞን ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬድ ገጠር ጣሪያ ያፈሰሰበትን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያደሱ ነበር። ስደርስ የደብሩ ገበሬዎች ጣሪያ ላይ ሆነው በኽምጣና ቋንቋ እየተቀላለዱ ቆርቆሮ ይመታሉ። አንዱን ጠርቼ አባቴን እንዲነግርልኝ ለመንኩት። አባቴ እጃቸው ላይ ቀለም እንዳለ ወጡና ደጀ ሰላሙ ጥላ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ምነው? ደህና አይደለሽም?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ አባባ። ክፉ ሰው አቅቶኝ ነው።»

ከስልኩ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጌም የሚባለውን ነገር በምን እንዳስረዳኋቸው አላስታውስም፤ ሰውየው ግድግዳ ላይ የማይቀመጥ፣ የሚንቀሳቀስ ሥዕል መሆኑን ግን ቶሎ ያዙት።

«ሁለት ዓይን ልትሰጪው ነው እንግዲህ» አሉ።

«ካልሰጠሁት ሥራውን አላገኝም።»

«ሥራው የት ነው?»

«አዲስ አበባ።»

ጣታቸው ላይ የደረቀውን ቀለም በጥፍራቸው ይፍቁ ጀመር። ብሄድ ቀለማቸውን የሚለይላቸው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ሁለታችንም አላነሣነውም።

«አሁን እኔን የሚሥል ቢገኝ ከየትኛው ወገን ያደርገኝ ይሆን?» አሉ የታመመ ዓይናቸውን በአይበሉባቸው እየነኩ። «አንድ ዓይን ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ሞራ እኮ ኃጢአት አይደለም አባባ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» ብለው ፈገግ አሉ።

ያን ጊዜ ደፈር ብዬ ጠየቅኋቸው። «እርስዎ ክፉ ሰው ፊት ለፊት ሥለው ያውቃሉ?»

«አልሣልኩም» አሉ። «አይቻለሁ ግን።»

ከዚያ እኔም እናቴም ሰምተነው የማናውቀውን ነገሩኝ። በጦርነቱ ዘመን ነው፤ እኔ ገና አልተወለድኩም። ሰውየው ከየትኛው ወገን እንደነበር አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። አባቴን መንገድ ላይ ይዞ አንድ ክፍል አስገባቸው። ጥፍራቸው ውስጥ ቀይ ቀለም አይቶ «በየመንደሩ ወረቀት የምትበትነው አንተ ነህ» አላቸው።

«ምን ይመስል ነበር?» አልኩ። «ጠባሳ ነበረው? ዓይኑ የቀላ ነበር?»

«ምንም። መልከ መልካም ሰው ነበር። ቆሎ ይቆረጥም ነበርና ለእኔም ዘገነልኝ።»

«ታዲያ ምኑ ያስፈራል?»

አባቴ ደህናው ዓይናቸው ላይ ጣታቸውን አደረጉ። «ዓይኑ። ፊቴን አንድ ጊዜም አላየም። ሲያናግረኝም፣ ቆሎ ሲሰጠኝም፣ የሚያየው እጄን ነበር። ጣቶቼን አንድ በአንድ ይቆጥራቸው ነበር። ሠዓሊ ነኝ ብለው አላመነኝም። በየትኛው እጅህ ነው የምትጽፈው አለኝ።»

ግራ እጃቸውን አነሡ። ቀለበት ጣታቸውና ትንሿ ጣታቸው እንደማይታጠፉ ካወቅኳቸው ጊዜ ጀምሮ አውቃለሁ። ከመወጣጫ ወድቄ ነው ይሉን ነበር።

«በግራዬ ነው አልኩት» አሉ።

ሲናገሩ ድምፃቸው የቀለም ስም እንደሚነግሩኝ ያለ ነበር። እኔ ግን አለቀስኩ። ያቺ ቀኝ እጅ ናት ያሳደገችኝ፤ እኔንም፣ ያ ሁሉ ግድግዳ ላይ ያለውንም።

«አታልቅሺ፤ ቀኙ ደህና ነው» አሉ። «መዋሸቴን ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ሳቁና ፈቱኝ።»

እንባዬን ስጠርግ ጠበቁኝና ወደ ጉዳዩ ተመለሱ። «ሕጉ የተሠራው ግድግዳ ፊት የሚቆም ምእመን ከክፉ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳይገጣጠም ነው። ያንቺው ሰውዬ ግን ግድግዳ ላይ አይደለም አልሽኝ። ይሄዳል አልሽኝ። እንግዲያው ሁለት ዓይን ይኑረው። የቅዱሳኑን ዓይን ግን አትስጪው። እነሱ የሚያዩት ሰውን ነው።»

ለመሄድ ስነሣ ዋናውን ነገር አለማንሣት አልቻልኩም። «ብሄድ ቀለሙን ማን ያሰናዳልዎታል?»

«ብልቃጡ ላይ ስሙን በትልቁ ጻፊልኝ» አሉና ወደ ሥራቸው ገቡ።

ከስምንት ሰዓት በፊት ቢሮ ደረስኩ፤ መብራት ጠፍቷል። አሥራ አንድ ተኩል ላይ በሩ ይቆለፋል። የጠቆረው ስክሪን ፊት ቁጭ ብዬ ወረቀት ላይ ሞከርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። እትዬ ዘውዴ አምፖሉን ቀና ብለው እያዩ ማርያምን ይለምኑልኛል። አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መብራቱ መጣ።

ጠባሳውን አጠፋሁ። ጥርሱን ጠገንኩለት። ቅንድቡን አላላሁና ሰውየውን መልከ መልካም አደረግሁት። ከዚያ ዓይኖቹን ያዝኩ። ሁለቱንም ወደ ታች ትንሽ ብቻ ዝቅ አደረግኋቸው፤ ከፊቱ የቆመ ሰው እጅ የሚገኝበት ቦታ ላይ እንዲያርፉ። ፕሮግራሙ ዓይንን ከአንድ ነገር ጋር ማሰር ይችላል። የጠባቂውን ዓይኖች ከመንገደኛዋ ቀኝ እጅ ጋር አሰርኳቸው። እጇን ሳነሣ ዓይኖቹ ተነሡ። እጇን ወደ ኋላዋ ስወስድ ፈለጉት። ወንበሬን ሳላውቀው ወደ ኋላ ገፋሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራቱ ድርግም አለና ወዲያው ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ቶሎ ብዬ ሥራውን ፈለግሁ። ከመጥፋቱ በፊት አስቀምጬው ነበር፤ አለ። ሲዲው ሲገለበጥ አቶ ካሳ ቁልፋቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ሰዓታቸውን አዩ።

እትዬ ዘውዴ የመጨረሻውን ጥግ ሊጠርጉ መጡና ስክሪኑን አዩት። ዲያቆን አላሉም። መጥረጊያ የያዘ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አስገቡና «ይኼ ሰውዬ ምኔን ነው የሚያየው?» አሉ።

ቅዳሜ ንጋት ሲዲውን ለአውቶቡሱ ሾፌር ሰጠሁት፤ ወልዲያ ላይ ለአዲስ አበባው ሾፌር ያስተላልፈዋል፣ እሑድ ማታ ናሆም መናኸሪያ ይቀበለዋል። ሰኞ አምስት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ማን ነው ይኼ ሰውዬ?» አለ ናሆም። ሰላምታም የለው።

«አባቴ የሚያውቁት ሰው ነው።»

«መቼ መምጣት ትችያለሽ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ክፉ ሰው ሠርቻለሁ። ይህን የምታነቡ ወጣቶች መልእክት ስትልኩልኝ አዘውትራችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ፕሮግራሙና ስለ ኮምፒውተሩ ዓይነት ነው። ፕሮግራሙን ማንም ሊያስተምራችሁ ይችላል። እኔ የምመክራችሁ ሰውየው የሚያየው ምኑን እንደሆነ ሳታውቁ ዓይን እንዳትሠሩ ነው። የአባቴን ሕግ ጥዬው የመጣሁ የሚመስላችሁም አላችሁ። አልጣልኩትም። ቤተ ክርስቲያን ስገባ አሁንም ገራፊዎቹ በጎናቸው በመሣላቸው ደስ ይለኛል፤ ተረጋግቼ እጸልያለሁ። እኔ የተማርኩት ሕጉ ከምን እንደሚጠብቀን ነው። ያንን ባላውቅ ኖሮ ጠባቂዬ እስከ ዛሬ ቆንጆ ዲያቆን ሆኖ በቀረ ነበር። የሚቆጨኝ አንድ ነገር ቢኖር አባቴ ያንን ለመናገር እኔ የሥራ ፈተና እስኪኖርብኝ መጠበቃቸው ነው። ከዚያ በፊት ማንም ስለ ጣቶቻቸው ሁለተኛ ጠይቋቸው አያውቅም።

በዓመቱ አባቴን አዲስ አበባ አምጥቼ ሞራውን አስወጣሁላቸው። ፋሻው በተነሣ በሳምንቱ ሥራ ቦታዬን ላሳያቸው ወሰድኳቸው። ናሆም ከመቀመጫው ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሊስም አጎነበሰ፤ ስክሪኑ ፊት አስቀመጥናቸው። መንገደኛዋ ዳገቱን ወጥታ ኬላው ጋ ደረሰች። ጠባቂው ዞረ፣ ፊት ለፊት መጣ፣ ዓይኖቹን ዝቅ አደረገ።

አባቴ በሁለቱም ዓይናቸው ለረጅም ጊዜ አዩት። ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ፤ ግራውን ጠረጴዛው ላይ ተዉት።